መጀመሪያ የቱን ልይ?

ኅዳር ገባ። ኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሚመስል ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጠዋት በር ስትከፍቱ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ተነጥፏል፤ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ የሚታየው ባጃጅና ጋቢ ብቻ ነው። ሰው ቤቱ ይገባል፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ተከታታይ ፊልም ይከፍታል። ለዚህ ይመስለኛል በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ የሆኑት። ባለፈው እትም ስለ ሳይንስ ፊክሽን ተከታታዮች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፤ ሁለቷ መስመር ጉድ አፈላች። እንግዲህ የጀመርኩትን ልጨርስ። ፊልሞቹ የፈረንጅ ስለሆኑ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው።

«ጋሼ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ስታር ትሬክ የሚባለውን የጠፈር ተጓዦች ተከታታይ ከነልጅ ልጁ ፍላሽ ላይ አስጭነን መጣን። አንድም ክፍል ሳንከፍት ተጣላን። እሱ ‹ታሪክ ከሥሩ ነው የሚጀመረው፤ በዘመን የሚቀድመው ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ነው፣ በሱ እንጀምር› ይላል። እኔ ደግሞ በወጡበት ዓመት ቅደም ተከተል ይሁን ባይ ነኝ። በአንድ ኪሎ ጥብስ ተወራርደናል። ፍረድ።»
ታናሹ፣ ከደብረ ብርሃን

ታናሹ፣ ጥብስ ትበላለህ። ግን ሙሉውን ኪሎ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የወንድምህን ክርክር በደንብ እንስማው፣ እንደ ድሮው በላ ልበልሃ። በታሪኩ ዘመን ከሄድን ኢንተርፕራይዝ የሚጀምረው 2151 ላይ ነው። ከሱ ቀጥሎ ዲስከቨሪ ይመጣል፣ ከዚያ ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ፣ ከዚያ ነው እነ ካፒቴን ከርክና ስፖክ ያሉበት የመጀመሪያው ስታር ትሬክ የሚደርሰው። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር ነው። አሁን የተሠሩበትን ዓመት ተመልከት፦ 2001፣ 2017፣ 2022፣ ከዚያ ዘጭ! 1966። ትናንት ማታ በኮምፒውተር የተሠራ ኮከብና ጨረር ሲያይ ያመሸ ሰው ዛሬ ማታ ካፒቴኑ ቢነኩት የሚነቃነቅ ከሚመስል ቋጥኝ ሥር ሲደበቅ ያያል። እኔ ያንን ቋጥኝ እወደዋለሁ። በዚህ መንገድ የመጣ ሰው ግን ይስቅበታል እንጂ አይወደውም።

ደግሞ መስመሩ ራሱ ቀጥ ያለ አይደለም። ዲስከቨሪ ሁለት ሲዝን ሙሉ ከከርክ ዘመን አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ይቆይና ሦስተኛው ሲዝን ላይ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ዘሎ 32ኛው ክፍለ ዘመን ይገባል። በዘመን ቅደም ተከተል ካላችሁ እንግዲህ ዲስከቨሪን ለሁለት ቆርጣችሁ፣ ግማሹን ፊት፣ ግማሹን ከሁሉም ኋላ ማድረግ አለባችሁ፤ መሃሉ ላይ በመቶ የሚቆጠር ክፍል ገብቶ። ወንድምህ ይህን አስቦበታል?

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ታሪክ የሚጻፈው የፊቱን ለሚያውቅ ሰው ነው። አያቴ የምኒልክን ነገር ሲያጫውቱን ከነጋሢና ከመርዕድ አዝማቾቹ አልጀመሩም። የጀመሩት ከአድዋ ነው። ምኒልክ ዘመተ፣ ድል አደረገ፣ እሰይ። ሌላ ቀን ማታ «ይሄ ምኒልክ ልጅ ሳለ ቴዎድሮስ ማርኮ መቅደላ አስሮት ነበር እኮ» ሲሉን አፋችንን ከፈትን። መቅደላ ያስደነገጠን አድዋን ስለምናውቅ ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ አንጎለላ፣ ወደ ሣህለ ሥላሴ፣ ወደ አንኮበር እያሉ ቁልቁል ወረዱ። ከነጋሢ ቢጀምሩልን ኖሮ ምኒልክ ዘንድ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይወስደን ነበር።

ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ካፒቴን ፓይክ የሚባል ሰው አለ፤ ፀጉሩ ያማረ፣ በገዛ እጁ አብስሎ ባልደረቦቹን የሚያበላ። ይህ ሰው ስለ ወደፊቱ አንድ ነገር ያውቃል፣ ፊቱ ላይ ድንገት ጥላ የሚያጠላውም ከዚያ የተነሣ ነው። ነገሩ ምን እንደሆነ ደግሞ በ1966 ዘ ሜናጀሪ በሚባል ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ውስጥ ተነግሯል። እኔ አልነግርህም፣ ራስህ እየው። እሱን አይቶ ወደ ፓይክ የመጣና ሳያይ የመጣ ሰው አንድ ሶፋ ላይ ቢቀመጡም አንድ ፊልም አያዩም።

አንድ ልጨምርልህ፣ ይህን ወንድምህ ፊት ጮክ ብለህ አንብበው። የኢንተርፕራይዝ የመጨረሻ ክፍል የተንጠለጠለው ኔክስት ጄኔሬሽን የሚባለው ሌላ ስታር ትሬክ ሰባተኛ ሲዝን ላይ ባለች ዘ ፔጋሰስ በምትባል ክፍል ላይ ነው። አራት ሲዝን አብረውህ የከረሙ ሰዎችን ልትሰናበት ስትቀመጥ፣ ከየት መጡ የማይባሉ ሁለት ሰዎች ብቅ ብለው ሰዓቱን ይይዙታል። ኔክስት ጄኔሬሽንን ላላየ ሰው እነዚህ ሠርግ ላይ ሳይጠሩ የመጡ እንግዶች ናቸው። ላየም ሰው ቢሆን ክፍሏ ብዙም አትጥምም፣ ግን ቢያንስ እነማን እንደሆኑ ያውቃል።

ስለዚህ ፍርዱ በወጡበት ዓመት ነው። አሁን ጥብስህን ልቀንስ። በወጡበት ዓመት ስል ከ1966 ጀምራችሁ አንድም ሳትዘሉ ማለቴ አይደለም። የቆዩትን አምስቱን ብቻ ደምር፦ የመጀመሪያው 79 ክፍል፣ ኔክስት ጄኔሬሽን 178፣ ዲፕ ስፔስ ናይን 176፣ ቮየጀር 172፣ ኢንተርፕራይዝ 98። 703 ክፍል ሆነ። በየማታው አንድ ብታዩ፣ መብራት አንድ ቀን እንኳ ሳይሄድ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ወር ሲቀረው ነው የምትጨርሱት። መብራት ላለመሄዱ ደግሞ ማን ዋስ ይሆናል?

እኔ ብሆን ከ1966ቱ ስድስት ያህል ክፍል መርጬ አያለሁ። ዘ ሜናጀሪን ሁለቱንም፣ ባላንስ ኦፍ ቴረርን፣ ስፔስ ሲድን፣ ዘ ሲቲ ኦን ዘ ኤጅ ኦፍ ፎርኤቨርን፣ ዘ ትራብል ዊዝ ትሪብልስን። ስፔስ ሲድ እንዳለቀች በ1982 የወጣውን ዘ ራዝ ኦፍ ካን የተባለ ፊልም አስከትሉ፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ሰውዬ ቂሙን ይዞ ያመጣዋል። ትሪብልስን ደግሞ አደራ እንዳትዘሏት። በ1996 ዲፕ ስፔስ ናይን የራሱን ሰዎች እዚያው አሮጌ ክፍል ውስጥ አስገብቷቸዋል፣ እነ ከርክ አጠገብ ቆመው ታያቸዋለህ፣ ያን ማታ ከሣቅ ብዛት ብርድ ልብሱ መሬት ይወድቃል።

ከዚያ ኔክስት ጄኔሬሽን። እውነቱን ልንገርህ፣ የ1987ቱ አንደኛ ሲዝን ደካማ ነው፣ እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ያቋረጠው እዚያ ነው። ታገሱ። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ድስቱ ይንተከተካል። በሦስተኛው ማለቂያና በአራተኛው መጀመሪያ ላይ ያለውን ዘ ቤስት ኦፍ ቦዝ ወርልድስን መብራት በማይሄድበት ማታ እዩት፣ ሁለቱንም ክፍል በአንድ ቁጭታ። ዲፕ ስፔስ ናይን ሲከፈት የምታዩት ያንኑ ውጊያ በሌላ መርከብ ላይ ሆኖ ነው፤ የዲፕ ስፔስ ናይኑ አዛዥ ሲስኮ ምን አጥቶ፣ ለምን ያንን ያህል ተቆጥቶ እንደመጣ ያኔ ይገባችኋል።

ሁለቱን እያቀያየሩ፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ዲፕ ስፔስ ናይን በ1993 ሲጀምር ኔክስት ጄኔሬሽን ገና ስድስተኛ ሲዝኑ ላይ ስለነበረ ነው። ተዉት፣ ራሳችሁን አታድክሙ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወሩት ኦብራየንና ዎርፍ፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ለሚጀምር ሰው በሰዓታቸው ነው የሚደርሱት። ቮየጀር ደግሞ 70,000 የብርሃን ዓመት ርቃ የጠፋች መንኮራኩር ናት፣ ዲፕ ስፔስ ናይን ሲያልቅ ብትጀምሯት የሚቀርባችሁ የለም። ከሷ በኋላ ኢንተርፕራይዝ፣ ከዚያ አዲሶቹ። ፒካርድ የሚባለው ኔክስት ጄኔሬሽንና ቮየጀር ሳያልቁ በፍጹም አይከፈትም። ሎወር ዴክስ ደግሞ ካርቱን ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በ2023 ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ ሁለተኛ ሲዝን ሰባተኛ ክፍል ላይ የካርቱኑ ልጆች ሥጋ ለብሰው ይመጣሉ። ከዚያ በፊት አንድ ሲዝን እንኳ እዩላቸው።

ግማሽ ኪሎው ያንተ ነው። ስለ ቀሪው ግማሽ መጨረሻው ደብዳቤ ላይ ተመለስ።

«ጋሼ፣ የድሮውን ስታር ትሬክ ጀመርኩ። ሁለት ክፍል አየሁ፣ ዶክተር ማኮይን ወደድኩት። ሦስተኛው ላይ ዶክተሩ ሌላ ሰው ሆነ፣ የሁሉም ልብስ ተቀየረ፣ ማንም ምንም አይልም። አራተኛው ላይ ማኮይ ተመለሰ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?»
ግራ የገባት፣ ከዓለም ከተማ

ፋይልሽ ደህና ነው፣ ዓይንሽም ደህና ነው። ሦስተኛ ሆና የመጣችብሽ ክፍል፣ ዌር ኖ ማን ሃዝ ጎን ቢፎር፣ በ1965 ለሙከራ የተቀረጸች ናት። ጣቢያው ሙከራውን ወደደውና ተከታታዩ ይሠራ አለ፤ ሥራው በደንብ ሲጀመር ልብሱም ዶክተሩም ተቀየረ። በ1966 ማስተላለፍ ሲጀምሩ ግን ሌላ ክፍል አስቀደሙና ሙከራዋ ሦስተኛ ወጣች። አዲስ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ እሷን እይ እለዋለሁ። አንቺ አልፈሻታል፣ ይቅር።

ከሷም በፊት ዘ ኬጅ የሚባል ሌላ ሙከራ ነበር፣ ጣቢያው አልፈልግም ብሎ የመለሰው። ግን ደህና ጨርቅ አይጣልም፣ ቆራርጠው ዘ ሜናጀሪ ውስጥ ሰፉት። ዘ ኬጅ ፍላሽሽ ላይ ካለ ለመጨረሻ አቆዪው፣ አለዚያ ግማሹን ታሪክ ሁለት ጊዜ ታዪዋለሽ።

«ለአምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። የልጅ ልጄ ስታርጌት የሚባል አምጥቶልኝ፣ የግብጽ አማልክት አሉበት፣ የድሮ ጽሑፍ የሚያነብ ምሁር አለበት፣ ወደድኩት። ነገር ግን ሦስት ዓይነት ነው፣ ፊልምም አለው፣ አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይጠራኛል። ቅደም ተከተሉን ቢነግሩኝ። ደግሞስ ዕድሜዬ ይበቃል ወይ?»
መምህር፣ ከደብረ ሲና

መምህር፣ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ይበቃል። ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ኤስጂ-1 በአሥር ሲዝን 214 ክፍል ነው፣ አትላንቲስ 100፣ ዩኒቨርስ 40። ድምሩ 354። መስከረም 1 ጀምረው በቀን አንድ ቢያዩ ነሐሴ 24፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕለት ያልቃል። ከዚያ እስከ እንቁጣጣሽ ያሉት ቀኖች ለፊልሞቹ ይተርፉዎታል። በጾም ፊልም የማያዩ ከሆነ ግን ሒሳቤ ፈረሰ።

መጀመሪያ የ1994ቱ ፊልም ነው። እሱን ጨርሰው ኤስጂ-1ን ሲከፍቱ ኮሎኔሉ መልኩ ይቀየርብዎታል፤ ያው ሰው ነው፣ ተዋናዩ ነው የተለየው። በፊልሙ ከርት ራስል፣ በተከታታዩ ሪቻርድ ዲን አንደርሰን። የስሙ አጻጻፍ እንኳ ተለውጧል፣ ፊልሙ ላይ በአንድ ኤል፣ ተከታታዩ ላይ በሁለት ኤል ይጻፋል፤ በኋላ ኮሎኔሉ ራሱ ይቀልድበታል። እርስዎ ለስም አጻጻፍ ጠንቃቃ ይመስሉኛልና ቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ከዚያ ኤስጂ-1ን እስከ ሰባተኛው ሲዝን መጨረሻ ያለ ሐሳብ ይሂዱ። አትላንቲስ የፈለገውን ያህል ቢጠራዎት አይክፈቱት፣ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ የሚገኘው ሰባተኛው ሲዝን ማለቂያ ላይ ነው። የስምንተኛውን የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች፣ ኒው ኦርደር የሚባሉትን፣ ይዩና ያኔ አትላንቲስን ይጀምሩ። በ2004 ሲወጡም በሳምንት ልዩነት ነው የወጡት። ከዚህ በኋላ ሲዝን ስምንትን ከአትላንቲስ አንድ፣ ዘጠኝን ከሁለት፣ አሥርን ከሦስት ጋር እያቀያየሩ ነው፤ እያንዳንዱ ሲዝን 20 ክፍል ስለሆነ አይዛነፍብዎትም። ቅድም ለወንድማማቾቹ አታቀያይሩ ብዬ ለእርስዎ ያቀያይሩ ማለቴ ግራ እንዳያጋባዎት። እዚያ ሰው አንድ ጊዜ ይዛወራል፣ በቃ። እዚህ ግን ሁለቱ ቤቶች በአንድ አጥር ናቸው፣ አንዱ የሚያገኘው ሌላውን ይነካዋል፣ በአሥረኛው ሲዝን ደግሞ እነ ኤስጂ-1 ራሳቸው አትላንቲስ ድረስ ይሄዳሉ። ኤስጂ-1 ሲያልቅ በ2008 የወጡትን ሁለት ፊልሞች፣ ዘ አርክ ኦፍ ትሩዝንና ኮንቲኑምን ያስከትሉ። ከዚያ አትላንቲስ አራትና አምስት፤ አራት ላይ የኤስጂ-1ዋ ሳማንታ ካርተር አዛዥ ሆና ስትመጣ አይገርምዎትም። ዩኒቨርስ የመጨረሻው ነው። ጨለማ የበዛበት ነው፣ ቀልዱ ጥቂት ነው፣ ሁለት ሲዝን ቆይቶ በእንጥልጥል ቀረ። ጊዜ ካጠረዎት የሚዘለው እሱ ነው።

ስታርጌት የተባለውን በር ራሱን ለደብረ ሲና ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከደብረ ብርሃን በኩል በጋቢ ተጠቅልለው ጣርማ በር ዋሻ ይገባሉ፤ ሲወጡ ጉሙ ተገልጦ ከገደሉ ሥር ሌላ አገር ተዘርግቷል፣ ትንሽ ወረድ እንዳሉ ጋቢውን ማውለቅ ይጀምራሉ። ስታርጌትም ይኸው ነው፣ ማዶው ሌላ ፕላኔት ይሆናል እንጂ።

«ባትልስታር ጋላክቲካ ሲዝን አንድ ክፍል አንድን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል፣ በየ33 ደቂቃው ይሸሻሉ። ከማን ነው የሚሸሹት? ማንም አያስረዳም።»
ሙቀት እንቅልፍ የነሳው፣ ከሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ሸዋ ሮቢት ላይ ተሳፍረህ «እነዚህ ሰዎች ምን አደከማቸው?» እያልክ እኮ ነው። ከሲዝን አንድ በፊት በ2003 የወጣ ባለ ሁለት ክፍል መክፈቻ አለ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ይሆናል። ዓለሙ የሚጠፋው፣ የተረፉት የሚሰባሰቡት፣ ሽሽቱ የሚጀመረው እሱ ውስጥ ነው። ለብቻው ፎልደር ስለሚቀመጥ ፍላሽ የሚጭኑ ልጆች ይዘሉታል። እኔም በዚሁ ተሸውጃለሁ። የጫነልኝን ልጅ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እሱ ሌላ ፊልም መስሎኝ» አለኝ። ሂድና አስጭን፣ የከፈትከውንም ክፍል እንደገና ጀምረው።

ሌሎቹን ላስቀምጥልህ። ሬዘር የሚባለው ፊልም ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ፣ ዘ ፕላን የሚባለው ሁሉም ካለቀ በኋላ። ካፕሪካ 58 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የሚያሳድዷቸው ማሽኖች እንዴት እንደተፈጠሩ ይነግርሃል፣ ስለዚህ «ከሥሩ እንጀምር» የሚሉ ሰዎች ፈጥነው ያነሡታል። አታንሣው። የጋላክቲካ ፍርሃት ግማሹ እነዚያ ማሽኖች ምን እንደሆኑ አለማወቅህ ነው። የ1978ቱ ጋላክቲካ ደግሞ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ከዚህ ጋር አትደባልቀው።

«ጋሼ፣ እናቴ ማታ ማታ ፈትሏን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። ሰብታይትል አታነብም፣ የምተረጉምላት እኔ ነኝ። የቱን ባሳያት ይሻላል? ከመሃል ብጀምርላትስ?»
የመንዟ ልጅ፣ ከመሃል ሜዳ

እስካሁን ከመጣው ጥያቄ ሁሉ ደስ ያለኝ ያንቺ ነው፣ እኔም አልፌበታለሁ። የፈታይ ዓይን እንዝርቱ ላይ ነው፤ ቀና የምትለው ድምፅ ሲበዛ ብቻ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ከማታ ማታ የሚጎተት ነገር አይሆንም። የዲፕ ስፔስ ናይንን የመጨረሻ ሲዝኖች ለምሳሌ ተዪው፣ ጦርነቱ ረጅም ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደወገነ ስታስረጂ ፊልሙ ያልቅብሻል። በአንድ ማታ ተጀምሮ በአንድ ማታ የሚያልቅ ምረጪ፣ እንደ ተረት። የ1966ቱ እንዲያ ነው፣ ስትሬንጅ ኒው ወርልድስም ብዙው እንዲያ ነው። እዚህ ላይ ስለ ቅደም ተከተል የተናገርኩትን ሁሉ እርሺው፣ ደስ ካለሽ ቦታ ጀምሪላት።

እኔ ለእናቴ ኔክስት ጄኔሬሽንን ነበር የማሳያት። ስሞቹ አልያዝላት አሉ፣ እሷ ራሷ ስም አወጣችላቸው። ካፒቴን ፒካርድ «መላጣው ሹም» ሆነ። ዎርፍ «ግንባረ ድንጋዩ»። ዴታ የሚባል ሰው መሳይ ማሽን አለ፣ እሱን ስታይ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ነፍስ አለው?» እኔ ደግሞ ምን ብዬ ልመልስ፣ የለውም እላለሁ፣ እሷ «እንዴት አወቅህ?» ትለኛለች። በኋላ ሁለተኛው ሲዝን ላይ ዘ መዠር ኦፍ ኤ ማን የምትባለው ክፍል ደረሰች፣ የ1989። አንድ ሰው ዴታን ፈታትቶ ሊመረምረው ይፈልጋል፣ ዴታ እምቢ ይላል፣ ማሽን እምቢ ማለት ይችላል ወይ ተብሎ ነገሩ ችሎት ይቀርባል። ፒካርድ ጠበቃው ነው። የገዛ ጓደኛው ራይከር ደግሞ ተገዶ በተቃራኒው ይቆማል፣ ሳይወድ፣ ግን በደንብ። እናቴ የሸዋ ሰው ናት፣ ሙግት ስትሰማ እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች። ዳኛዋ ሴት መሆኗን ስታይ ይበልጥ ተጠጋች። ራይከር ሲናገር «ወይኔ፣ ረታው» አለች፣ ፒካርድ ሲነሣ «ተው ቆይ ስማ» አለችኝ፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም። መተርጎም አቅቶኝ ሦስት ጊዜ አስቁሜ መለስኩት። ፍርዱን አልነግርሽም። ፍርዱ ሲነበብ ግን ዳኛዋ ስለ ነፍስ የምትለው አለ፣ እናቴ ስንት ወር ስትጠይቀኝ የከረመችውን ነው የምትለው። እሷን ክፍል አሳያት፣ ቀድመሽ አንዴ ለብቻሽ አይተሽ ቃላቱን ተዘጋጂባቸው። የስፖክን ሹል ጆሮ በተመለከተ ምን እንደምትል ደግሞ ጻፊልኝ።

«ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜ ደብቆ ጽፎልሃል አሉ። እኔን ሳትሰማ እንዳትፈርድ። ለመሆኑ በታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል ማየት ትክክል የሚሆንበት አንድም ቦታ የለም?»
ታላቁ፣ ከዚያው ከደብረ ብርሃን

ዘገየህ፣ ፈርጃለሁ። ግን አለ። ስታር ዎርስ ዘ ክሎን ዋርስ የሚባለውን አኒሜሽን ያዝ። ክፍሎቹ የወጡት ተደበላልቀው ነው፤ አንደኛው ሲዝን ላይ የሞተ ወታደር ሦስተኛው ሲዝን ላይ ገና ምልምል ሆኖ ሲሠለጥን ታገኘዋለህ። በዘመኑ ካስተካከልከው አንደኛ የሚሆነው የሁለተኛው ሲዝን 16ኛ ክፍል ነው፣ ቀጥሎ የአንደኛው ሲዝን 16ኛ ክፍል፣ ከዚያ በ2008 ሲኒማ ቤት የታየው ፊልም። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በዘመን የተደረደረውን ዝርዝር አውጥተዋል። እዚህ ያንተ መንገድ የሚሠራው ክፍሎቹ የፊቱን ለሚያውቅ ሰው ተብለው ስላልተጻፉ ነው፤ ቅደም ተከተላቸው ተምታቶ ነው የወጡት፣ አንተ ወደ ቦታቸው ትመልሳቸዋለህ። ሌላው፣ ስታር ትሬክን ጨርሳችሁ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጀምሩ ነው። ያኔ በኢንተርፕራይዝ ጀምር፣ እኔም አብሬህ ቁጭ እላለሁ።

ስታር ዎርስ ውስጥ ግን ለታናሽህ የሚያደላም አለ። ማንዳሎሪያንን ሁለት ሲዝን አይቶ በቀጥታ ሦስተኛውን የከፈተ ሰው ግራ ይጋባል፣ ምክንያቱም መሃሉ ላይ የሆነው ነገር ያለው ዘ ቡክ ኦፍ ቦባ ፌት የመጨረሻ ሦስት ክፍሎች ውስጥ ነው፣ አምስት፣ ስድስትና ሰባት። በወጣበት ተራ ላየ ሰው ይህ ችግር አይመጣም።

እንግዲህ ግማሽ ኪሎ ለሱ፣ ግማሽ ኪሎ ላንተ። ሒሳቡን ግን ሙሉውን አንተ ትከፍላለህ፣ ታላቅ ነህ።